የፓይተን ትሬድ ሲያስቸግር፦ ሎክ፣ ኪው፣ ፑል፣ ኤሲንክ ወይስ ፕሮሰስ?

ፕሮግራሙ ቀን ሙሉ በደንብ ይሰራል። ማታ ላይ ፈዞ ይቀራል። አጥፍቶ ማብራት ያስተካክለዋል፤ በማግስቱ ግን ያው ነው። ኤረር የለም። እናንተ ላፕቶፕ ላይ ሲሞከር ደግሞ ምንም አይገኝበትም። ፓይተን ላይ ትሬድ (በአንድ ፕሮግራም ውስጥ ጎን ለጎን የሚሮጥ ስራ) የነካካ ሰው ይህን ጣጣ ያውቀዋል።

ደሴና ኮምቦልቻ ውስጥ ለሱቅ፣ ለመጋዘን፣ ለክሊኒክ ትንንሽ ፕሮግራም የሚሰሩ ልጆች እዚህ ሲደርሱ ጥያቄያቸው ተመሳሳይ ነው። «ሎክ ልጨምር? ወደ ኤሲንክ ልቀይረው? ወይስ መልቲፕሮሰሲንግ ይሻላል?» ለእያንዳንዱ መልስ የሚምልለት ሰው አይጠፋም። አቋሜን ከወዲሁ ልናገር፦ ብዙዎቹ እንዲህ ያሉ ፕሮግራሞች የሚድኑት ሎክ (አንዱ ትሬድ ሲይዘው ሌላው እንዲጠብቅ የሚያደርግ ቁልፍ) ሲጨመርባቸው ሳይሆን ትሬዶቹ በጋራ የሚነኩት ነገር ሲቀነስ ነው። ግን ሁሌም አይደለም። ስለዚህ ምርጫዎቹን አንድ በአንድ እንያቸው።

ለማነጻጸሪያ አንድ ፕሮግራም እንያዝ። ዋና መጋዘኑ ኮምቦልቻ የሆነ፣ ደሴ ላይ ፒያሳ፣ አራዳና ሰኞ ገበያ ሱቅ ያለው ነጋዴ አለ እንበል። ፕሮግራሙ አራት ስራ አለው። ከሱቆቹ የቀኑን ሽያጭ በኢንተርኔት ይሰበስባል። ኤስኪውላይት ዳታቤዝ ላይ የመጋዘኑን ቀሪ ይቀንሳል። በዩኤስቢ ሞደም ለደንበኞች ኤስኤምኤስ ይልካል። በወሩ መጨረሻ ሪፖርት ያሰላል። የጻፈው ልጅ አራቱንም በትሬድ አድርጓቸዋል። አሁን ቀሪው ይሳሳታል፣ ኤስኤምኤሱ ይደገማል፣ ሪፖርቱ ይንቀራፈፋል፣ አንዳንዴም ሁሉም ነገር ይቆማል።

## መጀመሪያ በሽታው ይታወቅ

ዝም ብሎ መቆም። ሰው ሁሉ ቶሎ የሚጠረጥረው ዴድሎክን (ትሬዶች እርስ በርስ ተጠባብቀው መቅረታቸውን) ነው። እኔ ግን መጀመሪያ ኔትወርኩን እጠረጥራለሁ። ሪኩዌስትስ የሚባለው የኢንተርኔት ላይብረሪ ታይምአውት ካልተሰጠው በራሱ ገደብ አያደርግም፤ መልስ እስኪመጣ ይጠብቃል። የሰኞ ገበያው ሱቅ ኔትወርክ መሃል ላይ ከተቋረጠ ያ ትሬድ እዚያው ተገትሮ ሊቀር ይችላል። ይህን ሎክ አይፈታውም። ለመገናኘት 5 ሰከንድ፣ መልስ ለመጠበቅ 20 ሰከንድ ብሎ ገደብ መስጠት የአንድ መስመር ስራ ነው። ይህ ሳይደረግ ስለ ሌላ መፍትሄ ማውራት ጊዜ ማባከን ነው።

እውነተኛው ዴድሎክ ሌላ ነው። አንዱ ትሬድ የመጋዘኑን ሎክ ይዞ የሞደሙን ይጠብቃል፤ ሌላው የሞደሙን ይዞ የመጋዘኑን ይጠብቃል። ሐረጎ ዳገት ላይ ጠባብ ቦታ ተፋጠው የቆሙ ሁለት አይሱዙዎች በሏቸው፤ አንዱ ወደኋላ ካላለ ሁለቱም አያልፉም። መፍትሄው ሁሉም ትሬድ ሎኮቹን በአንድ ዓይነት ቅደም ተከተል እንዲይዝ ማድረግ ነው። ራሱን በራሱ የሚቆልፍም አለ። አንድ ፋንክሽን ሎክ ይዞ ሌላ ፋንክሽን ይጠራል፤ ያኛውም ያንኑ ሎክ ይጠይቃል። ተራው ሎክ ያው ትሬድ ሁለተኛ ሲጠይቀው አይፈቅድም። አር-ሎክ የሚባለው ግን ይፈቅዳል።

የትኛው እንደሆነ በግምት አይታወቅም። ሁለት መሳሪያ አለ። ፎልትሃንድለር ከፓይተን 3.3 ጀምሮ ከራሱ ከፓይተን ጋር ይመጣል። «ከዚህን ያህል ሰከንድ በኋላ ሁሉም ትሬዶች የቆሙበትን መስመር ጻፍ» ብላችሁ ታዙታላችሁ። ፓይ-ስፓይ ለብቻው የሚጫን ነው፤ ጥቅሙ ፕሮግራሙን ሳያቆም፣ ኮዱንም ሳይነካ ከውጭ ሆኖ ማየቱ ነው። የፕሮሰሱን ቁጥር ሰጥታችሁ «ደምፕ» ስትሉት እያንዳንዱ ትሬድ የትኛው ፋይል፣ የትኛው መስመር ላይ እንዳለ ይዘረዝራል። ሊኑክስ ላይ ብዙ ጊዜ በሱዶ ማስነሳት ያስፈልጋል። ዝርዝሩ ላይ ሁለት ትሬድ ሎክ ለመያዝ ሲጠብቁ ካያችሁ ዴድሎክን ጠርጥሩ። አንዱ ሶኬት ላይ መልስ ሲጠብቅ ካያችሁት ኔትወርክ ነው።

ደንበኛው ደውሎ «ቆመ» ሲላችሁ «አጥፍተህ አብራው» አትበሉት። ካጠፋው ማስረጃው አብሮ ይጠፋል።

የተሳሳተ ቁጥር። ይሄኛው የባሰ ነው፤ ፕሮግራሙ ሳይቆም ይዋሻል። መጋዘን ውስጥ 40 ካርቶን ሳሙና አለ። የፒያሳው ሱቅ 3 ሸጠ፣ የአራዳው 5 ሸጠ። ሁለቱ ትሬዶች በተመሳሳይ ሰዓት ገቡ። የመጀመሪያው ቀሪውን አነበበ፤ 40። ሁለተኛውም አነበበ፤ 40። የመጀመሪያው 3 ቀንሶ 37 ጻፈ። ሁለተኛው ከያዘው 40 ላይ 5 ቀንሶ 35 ጻፈ። ትክክለኛው ቀሪ 32 ነበር። 3 ካርቶን ከየትም መጣ። ቆጠራ ሲደረግ የሚጠየቀው የመጋዘን ሰራተኛው ነው፤ ማንም ኮዱን አይጠረጥርም።

«ፓይተን ጊል አለው፣ በአንድ ጊዜ አንድ ትሬድ ብቻ ነው የሚሰራው፤ ታዲያ እንዴት?» የሚል አይጠፋም። ጊል (GIL፣ የፓይተን የራሱ አጠቃላይ ሎክ) የሚጠብቀው የፓይተንን የራሱን የውስጥ ስራ ነው፤ የእናንተን ሂሳብ አይደለም። ተራው በየ5 ሚሊ ሰከንዱ ገደማ ሊቀየር ይችላል። በማንበብና በመጻፍ መሃል ከተቀየረ ነገር ተበላሸ። በዚህ ላይ አንድ አሳሳች ነገር አለ። የድሮ ትምህርቶች ላይ ያለውን «ቆጣሪውን በሁለት ትሬድ ጨምሩ» የሚል ሙከራ በፓይተን 3.10 ወይም ከዚያ ወዲህ በወጣው ብታስኬዱት ስህተቱ ብዙ ጊዜ አይታይም። ፓይተን አሁን ተራ የሚያስቀይረው ፋንክሽን ሲጠራና ሉፕ ሲመለስ ስለሆነ ነው። ተማሪው «ችግሩ ተስተካክሏል» ብሎ ይሄዳል። በማንበብና በመጻፍ መሃል የዳታቤዝ ጥሪ ሲገባ ግን ስህተቱ እንደነበረ አለ።

ሳይናገር የሞተ ትሬድ። በተራ ትሬድ ውስጥ የተነሳ ኤክስሴፕሽን (ስራውን የሚያቋርጥ ኤረር) ዋናውን ፕሮግራም አያቆመውም። ኤረሩ ተርሚናሉ ላይ ይጻፋል፣ ትሬዱ ይሞታል፣ ሌላው ይቀጥላል። ተርሚናል ሳይከፈት ዊንዶውስ ላይ ከጀርባ የሚሮጥ ፕሮግራም ከሆነ ማንም አያየውም። ከፓይተን 3.8 ጀምሮ ትሬዲንግ ሞጁል ውስጥ ኤክሴፕትሁክ የሚባል አለ፤ እሱ ላይ ኤረሩን ወደ ሎግ ፋይል የሚጽፍ ፋንክሽን አስገቡ። የትሬዱም ስም ሎጉ ላይ ይጻፍ። «ትሬድ-7» ከሚል «ፒያሳ-ሽያጭ» ይሻላል።

ጥቃቅኖቹ። ፋንክሽኑን ለትሬዱ ስትሰጡት በቅንፍ ከጠራችሁት ስራው ዋናው ትሬድ ላይ ይሰራና ትሬዱ ባዶውን ይነሳል። አንድ አርጉመንት ብቻ ስትሰጡ ኮማዋን ከረሳችሁ «አንድ ጠብቄ አምስት ተሰጠኝ» ዓይነት ኤረር ይመጣል፤ ጽሑፉን ፊደል በፊደል በትኖት ነው። ያለቀን ትሬድ ድጋሚ ማስነሳት አይቻልም። ዲክሽነሪ ላይ እየዞራችሁ ሌላ ትሬድ ሲጨምርበት «መጠኑ ተቀየረ» ይላል። በቲኬንተር (የፓይተን የመስኮት መስሪያ ላይብረሪ) የተሰራ መስኮትን ከዋናው ትሬድ ውጭ አትንኩት።

## በምን እንመዝናቸው

ሶፍትዌሮቹ ሁሉም ነጻ ናቸው። ወጪው ሌላ ቦታ ነው።

ትልቁ መስፈርት ስራው ይጠብቃል ወይስ ያሰላል የሚለው ነው። ከሱቅ ሽያጭ መሰብሰብ መጠበቅ ነው፤ ፕሮሰሰሩ ቁጭ ብሎ ኔትወርክ ይጠብቃል። ሪፖርት ማስላት ደግሞ ፕሮሰሰሩን ይይዘዋል። መልሱን ለማወቅ ፕሮግራሙ ሲሮጥ ታስክ ማናጀርን ክፈቱ። ፕሮሰሰሩ ምንም ሳይሰራ ከዘገየ ይጠብቃል፤ አንድ ኮር ሙሉ በሙሉ ተይዞ ከዘገየ ያሰላል።

ሁለተኛው፣ ነገር ሲበላሽ ቶሎ ይገኛል ወይ? ሦስተኛው፣ የደንበኛው ኮምፒውተር ስንት ራም አለው? 4 ጊጋ ያለው ያገለገለ ላፕቶፕ ላይ የሚሰራና 16 ጊጋ ላይ የሚሰራ አንድ አይደለም። አራተኛው፣ ከተጻፈው ኮድ ስንቱ ይቀየራል? አምስተኛውን የውጭ መጻሕፍት እምብዛም አያነሱትም፦ መብራት ድንገት ሲሄድ ምን ይጠፋል?

## ምርጫዎቹ

### ትሬዱን መተው

ይህ ከሁሉ በፊት መታየት ያለበት ምርጫ ነው። ሦስት ሱቅ፣ እያንዳንዱ 2 ሰከንድ ቢወስድ በድምሩ 6 ሰከንድ ነው። ማታ ሱቅ ከተዘጋ በኋላ የሚሮጥ ስራ ከሆነ 6 ሰከንዱን የሚጠብቅ ሰው የለም። በተራ ሉፕ ሲሰራ ዴድሎክ የለም፣ የተሳሳተ ቀሪ የለም፣ ኤረሩም ከነመስመሩ ፊት ለፊት ይወጣል። ታይምአውቱ ግን እዚህም ግዴታ ነው። ትሬድ የተጨመረው «ዘመናዊ እንዲሆን» ብቻ ከሆነ አውጡት።

### ሎክ

ያለውን ኮድ ብዙ ሳይነካ ለመጠገን ሎክ የሚቀድመው የለም። የጋራ የሆነው ነገር አንድ ወይም ሁለት ከሆነ ጥሩ ነው። ሁልጊዜ በ«ዊዝ» ብሎክ ያዙት፤ መሃል ላይ ኤክስሴፕሽን ቢነሳም ይለቀቃል። ሎክ ይዛችሁ ኔትወርክ አትጥሩ፤ ያኔ የአንዱ ሱቅ ዝግመት የሁሉም ይሆናል። ለዲባግ ሲባል ሎኩን በታይምአውት መጠየቅም ይቻላል፤ በ10 ሰከንድ ካልተገኘ ሎግ ላይ ጽፎ ኤረር ያስነሳ።

የሎክ ችግር ሰው ላይ የተንጠለጠለ መሆኑ ነው። ነገ ሌላ ልጅ ኮዱን ተረክቦ ቀሪውን በአዲስ ፋንክሽን ውስጥ ያለ ሎክ ቢነካው ፓይተን ምንም አይለውም። አንድ የተረሳ ቦታ ሁሉንም ያበላሻል።

ለቀሪው ሂሳብ ደግሞ ብዙ ጊዜ የፓይተን ሎክ ጭራሽ አያስፈልግም። ቀሪውን ወደ ፓይተን አንብቦ፣ ቀንሶ፣ መልሶ ከመጻፍ ይልቅ ዳታቤዙን ራሱን «ካለህ ላይ 3 ቀንስ፣ ግን 3 እና ከዚያ በላይ ካለህ ብቻ» ብሎ በአንድ የአፕዴት ትእዛዝ ማዘዝ ነው። ማንበቡም መቀነሱም ዳታቤዙ ውስጥ አንድ ላይ ይፈጸማል። ከዚያ ስንት ረድፍ እንደተቀየረ ታያላችሁ፤ ዜሮ ከሆነ እቃው አልበቃም ማለት ነው። የ40 ካርቶኑ ታሪክ እዚህ ላይ ያበቃል።

ኤስኪውላይት የራሱ ሁለት ባህርይ አለው። አንድ ትሬድ የከፈተውን ኮኔክሽን ሌላ ትሬድ ሲነካው ይከለክላል። ክልከላውን ማጥፋት ይቻላል፤ ግን ለየትሬዱ የራሱን ኮኔክሽን መክፈት ይሻላል። በአንድ ጊዜ የሚጽፍለትም አንድ ብቻ ነው። ሌላው 5 ሰከንድ ጠብቆ ካልተለቀቀለት «ዳታቤዙ ተቆልፏል» ይላል። ዋል (WAL) የሚባለውን ሞድ ስታበሩ አንባቢና ጸሐፊ አይጠባበቁም። ሁለት ጸሐፊዎች ግን አሁንም ይጠባበቃሉ።

### ኪው ከአንድ ባለቤት ጋር

እኔን ብትጠይቁኝ ለሞደሙ ከዚህ የተሻለ የለም። ሞደሙ አንድ ፖርት ነው። ሁለት ትሬዶች በአንዴ ኤቲ ኮማንድ (ሞደም የሚታዘዝበት ትእዛዝ) ሲልኩበት የአንዱ ቁጥር ከሌላው መልእክት ጋር ይቀላቀላል፤ የአንዱን «ኦኬ» ሌላው ያነበዋል። የተላከው አልተላከም ተብሎ ድጋሚ ይላካል። ደንበኛው ሁለት ኤስኤምኤስ ይደርሰዋል።

መፍትሄው ሞደሙን አንድ ትሬድ ብቻ እንዲነካው ማድረግ ነው። ሌሎቹ መልእክታቸውን ኪው (ተራ መጠበቂያ) ላይ አስቀምጠው ይሄዳሉ። ባለቤቱ ትሬድ አንድ በአንድ እያነሳ ይልካል። የፓይተን ኪው ውስጡ የራሱ ሎክ ስላለው እናንተ ሎክ አትጽፉም። ለዳታቤዝ መጻፍም ይኸው ይሰራል፤ አንድ ጸሐፊ ትሬድ፣ አንድ ኪው።

ባግ ፍለጋውም ይቀላል። ሞደሙ ላይ ችግር ካለ የሚታየው አንድ ቦታ ብቻ ነው።

ሦስት ነገር ግን አትርሱ። ለኪው የመጠን ገደብ ስጡት፤ ሞደሙ ሲምካርድ ከሌለው መልእክቱ እየተከመረ ራም ይሞላል። ማቆሚያ ምልክት ይኑር፤ ለምሳሌ «ነን» (None፣ ባዶ ዋጋ) ሲመጣ ባለቤቱ ስራውን ጨርሶ ይውጣ። ትሬዱን ዴመን አድርጋችሁ በዚያው ከተዋችሁት ፕሮግራሙ ሲዘጋ ስራው መሃል ላይ ይቆረጣል። ሦስተኛው መብራት ነው። ኪው ያለው ራም ላይ ነው፤ መብራት ሲሄድ ያልተላከው ሁሉ ይጠፋል። ስለዚህ መልእክቱ መጀመሪያ ዳታቤዝ ላይ «ያልተላከ» ተብሎ ይመዝገብ፣ ሲላክ «ተልኳል» ይባል። ፕሮግራሙ ሲነሳ ያልተላኩትን ከዚያ ያንሳ።

### ትሬድ ፑል

ለሽያጭ መሰብሰቡ የሚስማማው ይህ ነው። ትሬድ ፑል ኤግዘኪውተር ከፓይተን 3.2 ጀምሮ አለ። ትሬድ መፍጠሩን፣ መጠበቁን፣ መዝጋቱን እሱ ይይዘዋል። ቁጥሩን ካልወሰናችሁለት ከ3.8 ወዲህ የኮሮቹን ብዛት ሲደመር 4 ይወስዳል፣ ከ32 ግን አይበልጥም። ለሦስት ሱቅ 3 በቂ ነው።

ትልቁ ወጥመዱ ይህ ነው፦ ስራውን ሰጥታችሁ ውጤቱን ካልጠየቃችሁ ኤክስሴፕሽኑ እዚያው ፊውቸር (የስራው ውጤት የሚቀመጥበት) ውስጥ ተቀምጦ ይቀራል። ተራ ትሬድ ቢያንስ ተርሚናል ላይ ይጮሃል፤ ፑል እሱንም አያደርግም። «ኮዱ ምንም ኤረር የለውም፣ ግን ዳታ አይገባም» የሚባለው ብዙ ጊዜ ይህ ነው። የሁሉንም ፊውቸር ሪዘልት ጠይቁ። ለሪዘልቱ ታይምአውት መስጠት እናንተን ከመጠበቅ ያድናችኋል እንጂ ውስጥ ያለውን ትሬድ አያቆመውም። ፑል ውስጥ ያለ ስራ እዚያው ፑል ውስጥ ሌላ ስራ ሰጥቶ ውጤቱን የሚጠብቅ ከሆነም ሁሉም ሰራተኛ ተይዞ መቆም ይመጣል።

### ኤሲንክ

ሦስት ሱቅ ሳይሆን ሦስት መቶ መሳሪያ በአንድ ጊዜ የሚጠበቅ ከሆነ ኤሲንክ-አይኦ ቦታውን ያገኛል። አንድ ትሬድ ላይ ብዙ ኮሩቲኖች (ተራ እየተለቃቀቁ የሚሰሩ ፋንክሽኖች) ይሮጣሉ፤ ራምም ይቆጥባል። ተራ የሚለቀቀው «አዌይት» የተጻፈበት ቦታ ብቻ ስለሆነ ኮዱን አንብቦ የት ሊቀያየር እንደሚችል ማየት ይቻላል። ይህ ከትሬድ የሚበልጥበት ነው። ግን ከተሳሳተ ቁጥር አያድንም፤ ቀሪውን አንብባችሁ አዌይት ብላችሁ ከዚያ ከጻፋችሁ የ40 ካርቶኑ ስህተት ይደገማል።

ዋጋው ኮዱ ነው። ሪኩዌስትስን ኤሲንክ ውስጥ ከጠራችሁት ሁሉም ነገር አብሮ ይቆማል፤ ተራው ታይም-ስሊፕም እንዲሁ። ላይብረሪዎቹን ወደ ኤይ-አይኦ-ኤችቲቲፒ ወይም ወደ ኤችቲቲፒ-ኤክስ መቀየር ሊኖርባችሁ ነው። የማይቀየረውን ከ3.9 ጀምሮ ባለው «ቱ-ትሬድ» ወደ ትሬድ መላክ ይቻላል። ዲባግ ሞዱን ስታበሩ ሉፑን ከ100 ሚሊ ሰከንድ በላይ የያዘውን ስራ ይነግራችኋል፤ በጣም ይጠቅማል። ለተሰራና ለሚሰራ ትንሽ ፕሮግራም ግን ወደ ኤሲንክ መገልበጥ አይመከርም። አንድ ባግ ለመጠገን ሌላ አምስት ትፈጥራላችሁ።

### መልቲፕሮሰሲንግ

ሪፖርቱ የሚዘገየው ስለሚያሰላ ነው። ንጹህ የፓይተን ስሌት በትሬድ አይፈጥንም፤ ጊል አለ። እዚህ ፕሮሰስ ነው መልሱ። እያንዳንዱ ፕሮሰስ የራሱ ፓይተን፣ የራሱ ራም አለው። የጋራ ቫሪያብል ስለሌለ የቁጥር መሳሳቱም ይቀንሳል።

ራሙ ግን ይበላል። ዊንዶውስ ላይ እያንዳንዱ ፕሮሰስ ከባዶ ይነሳና ፓንዳስን (የዳታ ስሌት ላይብረሪ) እንደገና ይጭናል። 4 ጊጋ ያለው ላፕቶፕ አራት ፕሮሰስ ሲነሳበት ኤክሴል ክፍት ከነበረ ላፕቶፑ ራሱ ይፈዛል። ዊንዶውስ ላይ ዋናውን ፋይል ከሚጠብቀው የ«ሜይን» ኢፍ ውጭ ፕሮሰስ ካስነሳችሁ ልጆቹ ሌላ ልጅ ሊያስነሱ ይሞክራሉ፤ ኤረር ይዘንባል። በፕሮሰሶች መካከል የሚላክ ነገር ሁሉ ፒክል መደረግ (ወደ ባይት መቀየር) የሚችል መሆን አለበት፤ ሎክ ወይም የዳታቤዝ ኮኔክሽን የያዘ ኦብጀክት አይላክም። ሊኑክስ ላይም ትሬድ ከተነሳ በኋላ ፎርክ ማድረግ (ፕሮሰሱን እንዳለ ማባዛት) አደገኛ ነው፤ ከ3.12 ጀምሮ ፓይተን ራሱ ያስጠነቅቃል፣ በ3.14 ደግሞ ነባሪው የፕሮሰስ ማስነሻ መንገድ ከፎርክ ወደ ፎርክሰርቨር ተቀይሯል።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ሪፖርቱ ረድፍ በረድፍ በሉፕ የሚደምር እንደሆነ እዩ። ከሆነ ድምሩን ለኤስኪውኤል ወይም ለፓንዳስ ግሩፕ-ባይ ስጡት። ብዙ ጊዜ ፕሮሰስ ማብዛት ሳያስፈልግ ያልቃል።

### ከጊል ነጻ የሆነው ፓይተን

እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2024 ፓይተን 3.13 ሲወጣ ጊል የሌለበት ግንባታ በሙከራ ደረጃ አብሮ መጣ። በ2025 በወጣው 3.14 ደግሞ በይፋ የሚደገፍ ሆኗል፤ ነባሪው ግን አይደለም፣ ለብቻው ነው የሚጫነው። ትሬዶች በእርግጥ በተለያየ ኮር ይሮጣሉ። ለእኛ ጉዳይ ዋናው ነገር ይህ ነው፦ ተደብቆ የኖረ የትሬድ ስህተት ካላችሁ እዚህ ላይ ይወጣል። ለዚህ ያልተዘጋጀ፣ በሲ ቋንቋ የተጻፈ ላይብረሪ ሲጫን ደግሞ ጊሉ ተመልሶ ይበራል። ለሙከራ አሪፍ ነው። ደንበኛ ቤት ለመጫን አልመክርም፣ ለጊዜው።

## በአንድ ላይ ሲታዩ

| መንገድ | የሚስማማው ስራ | ስህተቱን ማግኘት | ራም | የሚቀየር ኮድ | መብራት ሲሄድ |
|---|---|---|---|---|---|
| ትሬድ መተው | አጭር፣ ሰው የማይጠብቀው | በጣም ቀላል | ትንሽ | መቀነስ ብቻ | አንድ ቦታ ላይ ይቆማል |
| ሎክ | አንድ ወይም ሁለት የጋራ ነገር | ከባድ | ትንሽ | ጥቂት | ዳታቤዙ ላይ ይወሰናል |
| ኪው፣ አንድ ባለቤት | ሞደም፣ ፕሪንተር፣ ወደ ዳታቤዝ መጻፍ | ቀላል | ትንሽ | መካከለኛ | ካልተመዘገበ ይጠፋል |
| ትሬድ ፑል | ኔትወርክ መጠበቅ፣ ከጥቂት እስከ አስሮች | ሪዘልት ከተጠየቀ ቀላል | ትንሽ | ጥቂት | በሂደት ላይ ያለው ይጠፋል |
| ኤሲንክ | በመቶዎች የሚጠበቅ | መካከለኛ | በጣም ትንሽ | ብዙ | በሂደት ላይ ያለው ይጠፋል |
| መልቲፕሮሰሲንግ | ከባድ ስሌት | መካከለኛ | ብዙ | መካከለኛ | ስሌቱ ከመጀመሪያ ይጀመራል |
| ከጊል ነጻ | ከባድ ስሌት፣ ሙከራ | ከባድ | ትንሽ ይጨምራል | ጥቂት፣ ላይብረሪው ከደገፈ | እንደ ትሬድ |

## ለማን የቱ

ለነጋዴያችን አንዱን ብቻ መምረጥ አያስፈልግም። ሽያጭ መሰብሰቡ በፑል፣ ቀሪ መቀነሱ በአንድ የአፕዴት ትእዛዝ፣ ሞደሙ በኪው፣ ሪፖርቱ በኤስኪውኤል። ሎክ አንድም ቦታ አልገባም።

ኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ወይም ሌላ ቦታ የመመረቂያ ፕሮጀክት የምትሰሩ፣ ላፕቶፓችሁም ደካማ ከሆነ፣ በተራ ሉፕ ጀምሩ። ፈታኙ «ለምን ትሬድ አልተጠቀማችሁም?» ካለ ስንት ሰከንድ እንደሚወስድ ለክታችሁ አሳዩት። መዘግየቱ በእርግጥ የሚታይ ከሆነ ፑል ጨምሩ። ኤሲንክን በፕሮጀክት ማስረከቢያ ሳምንት አትማሩት።

ሌላ ሰው የጻፈውን፣ ሺህ መስመር ያለውን፣ ደንበኛ በየቀኑ የሚጠቀምበትን ፕሮግራም ከተረከባችሁ ደግሞ ሎክ ነው የሚያዋጣው፤ ሌላው ብዙ ያስቀይራል። መጀመሪያ ታይምአውቶቹን አስገቡ፣ ኤክሴፕትሁኩን ወደ ሎግ ፋይል አዙሩ፣ ፎልትሃንድለሩን አብሩ። ከዚያ አንድ ሳምንት ተዉትና ሎጉን አንብቡ። ሎኩ የት እንደሚገባ ሎጉ ይናገራል። ክፍያ ስትስማሙም ይህን ሳምንት ቁጠሩት፤ ደንበኛው «ምንም አልነካህም» ሊል ይችላልና ቀድማችሁ ንገሩት።

አዲስ የምትጀምሩና ብዙ መሳሪያ በአንዴ የምታገናኙ፣ ለምሳሌ የፋብሪካ ሴንሰሮች ንባብ የምትሰበስቡ ከሆነ፣ ከመጀመሪያው በኤሲንክ ጻፉት። ኋላ ከመገልበጥ ይቀላል። አንድ ቅድመ ሁኔታ ግን አለ፤ የሴንሰሩ ላይብረሪ ኤሲንክ ይደግፍ እንደሆነ መጀመሪያ እዩ። ካልደገፈ ፑልና ኪው ይበቃችኋል።

ምስል ወይም ትልቅ ስሌት የምትሰሩ፣ ኮምፒውተራችሁም 8 ጊጋና ከዚያ በላይ ራም ካለው፣ የፕሮሰሶቹን ቁጥር ከኮሮቹ ብዛት በአንድ አሳንሱት። የቀረው ኮር ለደንበኛው ነው፤ ሪፖርቱ እየተሰላ ደረሰኝ ማተም ሊፈልግ ይችላል። ነምፓይን (የቁጥር ስሌት ላይብረሪ) የምትጠቀሙ ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ በትሬድ ሞክሩት። ብዙዎቹ የነምፓይ ስሌቶች ሲሰሩ ጊሉን ይለቁታል፤ ያለ ተጨማሪ ራም ፍጥነት ልታገኙ ትችላላችሁ።